የፌት «እኩልታ ማመጣጠን» ሲሙሌሽን፦ ክፍል ውስጥ እንዳየሁት

ደሴ ውስጥ 7ኛና 8ኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ኬሚካዊ እኩልታ ማመጣጠን ላይ፣ ማለትም የየአቶሙን ቁጥር በግራና በቀኝ እኩል ማድረግ ላይ ስንደርስ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ስህተት ይገጥመኛል። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ውሃ ይሠራሉ፤ በግራ ሁለት የኦክስጅን አቶም አለ፣ በቀኝ አንድ። ተማሪው ፈጠን ብሎ ከውሃው ኦክስጅን ግርጌ 2 ይጨምራል። ቁጥሩ ገጠመ፣ ውሃው ግን ውሃ መሆኑ ቀረ፤ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሆነ።

ለዚህ ችግር ከሞከርኳቸው ሁሉ የበለጠው ፌት (PhET) ነው። የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ በነፃ የሚያቀርባቸው የሳይንስ ሲሙሌሽኖች፣ ማለትም ተማሪው ራሱ እየነካካ የሚሞክራቸው የኮምፒውተር ማሳያዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ያስጀመራቸው የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን ነው።

ከእነሱ አንዱ የሆነው «እኩልታ ማመጣጠን» መግቢያው ላይ አሞኒያ መሥራት፣ ውሃን መለያየትና ሚቴንን ማቃጠል አሉ። ተማሪው መቀየር የሚችለው ከሞለኪውሉ ፊት ያለውን ቁጥር ብቻ ነው፤ የግርጌው አይነካም። አሞኒያ ላይ ከሃይድሮጅን ፊት 3 ሲያደርግ ሦስት ሙሉ ሞለኪውሎች ሳጥኑ ውስጥ ይደረደራሉ። ሚዛኑን ከከፈተው ደግሞ የትኛው አቶም በየት በኩል እንደበዛ ሲያጋድል ያየዋል። «ቲቸር፣ ለካ አቶም ሳይሆን ሞለኪውል ነው የምንጨምረው!» ያለችኝ ልጅ ከዚያ ወዲህ የግርጌ ቁጥር ነክታ አታውቅም።

ጨዋታውም ጥሩ ነው፤ ሲሳሳቱ ምክንያቱን በምስል ያሳያል። እኔ አንድ ላፕቶፕና ፕሮጀክተር ነው ያለኝ፤ እያንዳንዱ ቡድን መልሱን ወረቀት ላይ ሳይጽፍ ቁልፉን አልጫንም፤ አለዚያ ቁጥር እየቀያየሩ መገመት ይጀምራሉ። አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

የሚጎድለው አቶሞቹ ተላቀው እንደገና ሲያያዙ አለማሳየቱ ነው፤ የሚታየው በፊትና በኋላ ብቻ ነው። ሽታ፣ አረፋ፣ ሙቀትም የለም። ስለዚህ ሲሙሌሽኑን ከመክፈቴ በፊት አቼቶ በሃይላንድ፣ ቤኪንግ ሶዳ በፊኛ አደርግና ፊኛውን አፉ ላይ ገጥሜ እገለብጠዋለሁ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ፊኛውን ሲነፋው ሁሉም ያያል፤ እኔ ግን ሃይላንዱን በእጃቸው እንዲይዙት አደርጋለሁ፣ ምክንያቱም ይቀዘቅዛል፣ ይህን ደግሞ የትኛውም ስክሪን አይሰጣቸውም።

ለ8ኛ ክፍል ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። ለ7ኛ ክፍል ግን እዚያው ፌት ላይ ዳቦና አይብ እየቆጠሩ ሳንድዊች በሚሠሩበት ሌላኛው ሲሙሌሽን ቢጀመር ይሻላል።