ቦሌክስ ኤች16 ወይስ ክራስኖጎርስክ-3? ኦሪጅናሉን ለይቶ ለመግዛት

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆኖ የ16 ሚሊሜትር አሮጌ የፊልም ካሜራ ለሚፈልግ ሰው የስዊሱ ቦሌክስ ኤች16 እና የሶቪየቱ ክራስኖጎርስክ-3 ጥሩ አማራጮች ናቸው። ሁለቱም ያለ ኤሌክትሪክ በሚጠመዘዝ ሞላ ይሠራሉ፤ ሁለቱም 30 ሜትር ፊልም ይይዛሉ። ከፋብሪካ እንደወጣ ያለውን ከተገጣጠመው መለየት ግን በአንዱ ቀላል፣ በሌላው አድካሚ ነው።

ቀላሉ ክራስኖጎርስክ ነው። የመለያ ቁጥሩ የመጀመሪያ ሁለት አሃዞች የተሠራበትን ዓመት ይናገራሉ፤ 86 ካለ በፈረንጆች 1986 ማለት ነው። የተመረተው ከ1971 እስከ 1993 ስለሆነ ከዚህ ውጭ የሆነ ቁጥር አይታመንም። አብሮት የሚወጣው ሜቴዎር 5-1 ሌንስ (ከ17 እስከ 69 ሚሊሜትር) የራሱ ቁጥር አለው። የአንድ ዓመት ልዩነት አያሳስብም፤ አሥር ዓመት ከተራራቁ ግን ሌንሱ ከሌላ ካሜራ የመጣ ነው። የፋብሪካው ደብተር ካለ ቁጥሩን ከካሜራው ጋር ያመሳክሩ።

ቦሌክስ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። ሌንሱ፣ መመልከቻው፣ እጀታው ሁሉ የሚፈታና የሚቀያየር ነው። በሌንሱ በኩል የሚታይበት ሬክስ የተባለው ሞዴል የመጣው በፈረንጆች 1956 ነው፤ ሻጩ ሬክስ ይዞ «የ1940ዎቹ ነው» ካለ አይመኑት። ኤች8 የሚባለው የ8 ሚሊሜትር ወንድሙ ደግሞ አካሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ያሳስታል። ክዳኑን ከፍተው ፊልሙ ብርሃን የሚያገኝበትን መስኮት በካሊፐር (ጥቃቅን ርዝመት መለኪያ) ይለኩ፤ የ16ቱ 10.26 በ7.49 ሚሊሜትር ያህል ነው፣ የኤች8 ግማሹ ገደማ። ስፋቱ 12.5 ከደረሰ ወደ ሱፐር 16 (ሰፋ ያለ ምስል ወደሚቀርጽ ዓይነት) ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ለቀረጻ ይጠቅማል፣ የተቀየረ ከሆነ ግን ኦሪጅናል አይደለም። ፊልም ጎታቹ ጥርስ በሁለቱም ወገን ካለው የድሮው ሞዴል ነውና በሁለት ጎን የተበሳ ፊልም ብቻ ይቀበላል። በሬክስ ላይ የትኩረት ርዝመቱ ከ50 ሚሊሜትር በታች የሆነ ሌንስ «አርኤክስ» የሚል ጽሑፍ ሊኖረው ይገባል፤ ከሌንሱ ኋላ ያለው ፕሪዝም የብርሃኑን መንገድ ስለሚቀይር ተራው ሌንስ፣ በተለይ ቀዳዳው ሰፋ ሲል፣ ጥራት ይጎድለዋል።

በሁለቱም ላይ ብሎኖቹን በስልክ መብራት ይዩ። አፋቸው በካቻቢቴ የተፈገፈገ ከሆነ ካሜራው ተከፍቷል። በተቀረጹት ፊደሎች ውስጥ የአካሉ ቀለም ከገባም እንደገና ተቀብቷል።

ሞላውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዘው በሰከንድ 24 ፍሬም (ምስል) ፍጥነት ይልቀቁት፤ ቦሌክስ 28 ሰከንድ፣ ክራስኖጎርስክ 25 ሰከንድ ገደማ መሄድ አለበት። ያለ ፊልም በከፍተኛ ፍጥነት አያስኪዱት፤ የውስጥ አካሉን ሊጎዳ ይችላል። ሙከራው ደሴ ላይ በማለዳ ቢሆን ይመረጣል፤ የደረቀ ቅባት በብርድ ይንቀራፈፋል፣ በኮምቦልቻ የቀትር ሙቀት ግን ጉዳቱ ሊደበቅ ይችላል። የደሴ ክረምት እርጥበት ሌንስ ውስጥ ሻጋታ ያበቅላልና መብራቱን አጋድመው በማብራት እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ይፈልጉ።

የክራስኖጎርስክ የብርሃን መለኪያ ባይሠራ ዋጋ አያሳጣው፤ የሚፈልገው የሜርኩሪ ባትሪ ከገበያ ወጥቷል፣ የስልክ መተግበሪያ ይተካዋል። ይልቅ ፊልሙን የሚመሩት የውስጥ ቁርጥራጮች ተነቅለው እንደሆነ ይዩ፤ ፊልም ስለሚጭሩ ብዙዎች ያወጧቸዋል።

ለመጀመሪያ ገዢ ቁጥሩ የሚገጥም ክራስኖጎርስክ ይሻላል። ቦሌክስ ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላል፣ ፊልሙን ወደ ኋላ መልሶ ደግሞ ለመቅረጽም ያመቻል፤ ግን አርኤክስ ሌንስ አብሮት ከሌለ የሌንሱን ዋጋ ቀንሰው ይደራደሩ።