የግብር ማጭበርበርን ለአይአርኤስ መጠቆም፦ ፎርም 3949-ኤ ወይስ ፎርም 211?

ሁለቱም የሚላኩት ለአሜሪካው የግብር መሥሪያ ቤት ለአይአርኤስ ነው።

ፎርም 3949-ኤ፦ የጠቋሚው ስም ሳይጻፍ መላክ ይቻላል። ሽልማት የለውም።

ፎርም 211፦ በስም ይፈረማል፤ ሆን ብሎ መዋሸት በሕግ ያስጠይቃል። በክርክር ላይ ያለው ግብር ከነቅጣቱና ወለዱ ከ2 ሚሊዮን ዶላር ሲበልጥ (ተጠቋሚው ግለሰብ ከሆነ ዓመታዊ ገቢውም ከ200,000 ዶላር ሲበልጥ) ከተሰበሰበው ከ15 እስከ 30 በመቶ ለጠቋሚው በሽልማት ይከፈላል። ክፍያው ግብሩ ተሰብስቦ ይግባኙ ካበቃ በኋላ ስለሆነ ዓመታት ይወስዳል። «ግብር ይሰውራሉ» ብሎ መጻፍ ብቻውን ከንቱ ነው፤ ዓመቱ፣ መጠኑ፣ ሰነዱና መረጃው እንዴት እንደተገኘ ይገለጽ።

አሠሪ ቢበቀል በ180 ቀን ውስጥ ለፌዴራሉ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አቤት ይባላል፤ ቀኑ እንዳያልፍ!

መጠኑ ትንሽ ከሆነ ወይም መታወቅ ካሰጋ 3949-ኤ፤ ሰነዱ በእጁ ላለና መታገሥ ለሚችል የሂሳብ ሠራተኛ 211።