የፀረ ተባይ ቅሪት ገደብ ፍለጋ፦ ነፃው የመንግሥት ዳታቤዝ ወይስ የሚከፈልበት?

ምርታችሁ የሚሄደው ወደ አንድ ወይም ሁለት ገበያ ከሆነ አትክፈሉ፤ ነፃው ይበቃል። ገበያው ሲበዛና ገደቡ (በምርቱ ላይ እንዲገኝ ሕግ የሚፈቅደው ከፍተኛው የፀረ ተባይ ቅሪት) መቼ እንደተቀየረ መከታተል ሲያታክት ግን የሚከፈልበት አገልግሎት ዋጋውን ያወጣል። ሁለቱን ለማነጻጸር የአገሮቹን ብዛት አትቁጠሩ፤ ፍለጋው ባዶ ሲመለስ ምን እንደሚነግራችሁ እዩ።

ባዶ ውጤት በየቦታው ትርጉሙ ይለያያል። ልዩ ገደብ ካልወጣ በአውሮፓ ኅብረትና በጃፓን 0.01፣ በካናዳ 0.1 ሚሊግራም በኪሎግራም ይሠራል። በአሜሪካ ገደብ ካልተቀመጠ ቅሪቱ ጨርሶ መገኘት የለበትም። በኮዴክስ (ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃዎች ስብስብ) ባዶ ማለት ዓለም አቀፍ መለኪያ አልወጣም ማለት ብቻ ነው፤ ወሳኙ የተቀባዩ አገር ሕግ ነው። ነፃዎቹ የሚያሳዩት የራሳቸውን ሕግ ስለሆነ ይህን ማወቅ የእናንተ ድርሻ ነው። ጥሩ የክፍያ አገልግሎት ባዶውን ቦታ በትክክለኛው ቁጥር ሞልቶ ከየት እንደመጣ ይጽፋል። ሰረዝ ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ።

ነፃዎቹ የሚያስቸግሩት በስም ነው። ማንኮዜብ የተባለው ፀረ ፈንገስ በአውሮፓም በኮዴክስም የሚለካው ለብቻው ሳይሆን በዳይቲዮካርባሜት ቡድን፣ በካርቦን ዳይሰልፋይድ መጠን ነው፤ በማንኮዜብ የተጻፈ የላቦራቶሪ ውጤት ከገደቡ ጋር በቀጥታ አይወዳደርም። በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ (ርዕስ 40፣ ክፍል 180) ደግሞ ብዙ ጊዜ «ቲማቲም» ብሎ መፈለግ ብቻውን አያዋጣም፤ ገደቡ ለፍሬያማ አትክልቶች ቡድን 8-10 ተጽፎ ይገኛል፣ በአንዳንድ ንጥረ ነገሮች ላይም አሮጌው ቡድን 8 አሁንም አለ። ስለዚህ ንጥረ ነገሩን በካስ (CAS) ቁጥሩ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ኬሚካል በተሰጠው መለያ ቁጥር ለዩት፤ ለምሳሌ ክሎርፒሪፎስ የተባለው ፀረ ነፍሳት ቁጥሩ 2921-88-2 ነው። በአውሮፓው ዳታቤዝ ከቁጥሩ ጎን የምታዩት ኮከብ ገደቡ ላቦራቶሪ አስተማምኖ ሊለካው በሚችለው ዝቅተኛ መጠን ላይ መቀመጡን ያመለክታል።

የሚከፈልበት አንድን ምርት በብዙ አገር ጎን ለጎን ያስቀምጣል፣ ለውጥ ሲኖርም ያሳውቃል። ድክመቱ መዘግየት ነው፤ ሰው የገለበጠው መረጃ ነውና። ከመግዛታችሁ በፊት በሙከራ ጊዜው ክሎርፒሪፎስን በአውሮፓ ቲማቲም ላይ ፈልጉ። ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ 0.01 መሆን አለበት፤ ከዚያ የበለጠ ካሳየ አሮጌ መረጃ እየሸጠላችሁ ነው። ቀጥሎ ማንኮዜብን አስገቡና ወደ ዳይቲዮካርባሜት ይመራችሁ እንደሆነ እዩ። በመጨረሻ የደረቀ ቲማቲም ሞክሩ፤ የአውሮፓ ገደብ ለጥሬው ስለሆነ በማድረቅ የሚመጣው ክምችት መሰላት አለበት፣ ይህን ሳይጠቅስ የጥሬውን ቁጥር የሚሰጥ አገልግሎት ያሳስታችኋል።

እያንዳንዱ ቁጥር ወደ ሕጉ ጽሑፍ የሚወስድ አገናኝና የተረጋገጠበት ቀን ከሌለው ርካሽ ቢሆንም አይገዛም። የትኛውንም ብትመርጡ ዕቃው ከመጫኑ በፊት የተቀባዩን አገር ዋና ገጽ ከፍታችሁ ቁጥሩን አመሳክሩ፣ ገጹንም ከነቀኑ አስቀምጡ።