ለቪላን ትራንክ የትኛው ስዊች ይሻላችኋል? ሲስኮ፣ ማይክሮቲክ፣ ቲፒ-ሊንክ ወይስ ዩኒፋይ

ስዊች ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የፖርቱን ብዛትና ዋጋውን ነው። መሥሪያ ቤቱ በቪላን (አንዱን ኔትወርክ ወደ ተለያዩ ክፍሎች በሚከፍል አሠራር) የሚሠራ ከሆነ ግን አንድ ጥያቄ ይጨመር፤ ትራንክ ፖርቱ ላይ ስንሳሳት ይህ ስዊች ምን ያደርጋል? እኔ አራቱን ያወዳደርኩት በዋናነት በዚህ ነው። ከርቀት ሆኖ ትራንክ የሚነካ ሰው አንዲት መስመር ሲያበላሽ ቅርንጫፉ በሙሉ ሊቋረጥ ይችላልና።

ትራንክ ማለት የሠራተኛው፣ የእንግዳውና የካሜራው ኔትወርክ በአንድ ኬብል አብረው የሚያልፉበት ፖርት ነው። እንዳይደባለቁ ፍሬሙ (የሚላከው የዳታ ጥቅል) ላይ 4 ባይት ታግ (መለያ ምልክት) ይገባል። ታጉ ውስጥ የቪላኑ ቁጥር አለ፤ ከ1 እስከ 4094 መጠቀም ይቻላል። ይህ 802.1ኪው በሚባለው መስፈርት የተደነገገ ስለሆነ የአንዱ ፋብሪካ ስዊች ከሌላው ጋር ይግባባል። ስለዚህ «ይሠራ ይሆን?» ብላችሁ አትጨነቁ። አራቱም ይሠራሉ።

ሲስኮ ካታሊስት

ትልቁ ጥቅሙ ሰው ነው። ሲሲኤንኤ (የሲስኮን የኔትወርክ ሥልጠና) የተማረ ሁሉ ኮማንዱን ያውቀዋል፤ አንዱ ባለሙያ ቢለቅ ሌላ ማግኘት አይከብድም። «ስዊችፖርት ሞድ ትራንክ»፣ ቀጥሎ «ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን 10,20»፣ በቃ። እንደ 3560 እና 3750 ባሉ ሞዴሎች ላይ ግን አስቀድሞ «ስዊችፖርት ትራንክ ኢንካፕሱሌሽን ዶት1ኪው» ይገባል።

ወጥመዱ ቪላን 30 ሲጨመር ነው። «አላውድ ቪላን 30» ብላችሁ ከጻፋችሁ 10 እና 20 ከዝርዝሩ ይወጣሉ። ምንም ማስጠንቀቂያ የለም። መጻፍ ያለበት «አላውድ ቪላን አድ 30» ነው። በዚያው ትራንክ በኩል ገብታችሁ ከሆነ እናንተም ውጭ ትቀራላችሁ። መፍትሔው ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት «ሪሎድ ኢን 10» ማለት ነው። ሴቭ ሳታደርጉ ከተቆለፈባችሁ ስዊቹ ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱን ሪስታርት አድርጎ ወደነበረበት ይመለሳል። ከተሳካላችሁ «ሪሎድ ካንስል»፣ ከዚያ «ራይት ሜሞሪ»። ይህችን የመጨረሻዋን ከረሳችሁ መብራት በጠፋ ጊዜ ሥራችሁም አብሮ ይጠፋል። መብራት በሚመላለስበት አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

2960 የተባለውን የካታሊስት ሞዴል ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ የሞዴሉን ስም እስከ መጨረሻው አንብቡ። 2960-24ቲሲ-ኤል ላይ 24ቱ ፖርቶች 100 ሜጋቢት ናቸው፤ ጊጋቢት ያላቸው ሁለቱ አፕሊንኮች (ወደ ሌላ ስዊች የሚያገናኙት ፖርቶች) ብቻ ናቸው። ከ24ቱ በአንዱ ላይ ትራንክ ብትሠሩ ሁሉም ቪላን ያችን 100 ሜጋቢት ይሻማል። 2960ጂ ከሆነ ሁሉም ጊጋቢት ነው። በተረፈ ሲስኮ ለመጀመሪያዎቹ 2960ዎች የሚሰጠውን ድጋፍ አቁሟል፤ አዲስ የደህንነት ማሻሻያ አትጠብቁ።

ማይክሮቲክ

በዋጋው ልክ ይህን ያህል የሚሠራ ስዊች አላውቅም። ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ትራንክ ለመሥራት መጀመሪያ ብሪጅ (ፖርቶቹን በአንድ ላይ የሚይዝ ቅንብር) ይፈጠራል፣ ፖርቶቹ ይገባሉ፣ በብሪጁ የቪላን ሠንጠረዥ ላይ የትኛው ፖርት ታግድ (ታግ ያለውን ትራፊክ የሚያሳልፍ) እንደሆነ ይጻፋል። «ቪላን ፊልተሪንግ»፣ ማለትም ይህን ሠንጠረዥ ሥራ ላይ የሚያውለው ቅንብር፣ የሚበራው ከሁሉም በኋላ ነው። ቀድሞ ያበራ ሰው ራሱ ላይ በሩን ይዘጋል። ደግሞ ስዊቹን የምታስተዳድሩበት ቪላን ላይ ብሪጁ ራሱ ታግድ ሆኖ መጨመር አለበት፤ ብዙ ጀማሪ የሚቸገረው እዚህ ነው።

ሴፍ ሞድ ግን ያስመሰግነዋል። ኮንትሮል እና ኤክስ ተጭናችሁ ትጀምራላችሁ፤ ግንኙነቱ ከተቋረጠ የነካካችሁትን ሁሉ ራሱ ይመልሰዋል። ስህተትን በመታገስ ከአራቱ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ሴቭ የሚባል ነገርም የለውም፤ ወዲያው ይቀመጣል። ስትገዙ ሲአርኤስ3 ብሎ የሚጀምረውን ውሰዱ፤ ለምሳሌ ሲአርኤስ326። በድሮዎቹ ሲአርኤስ1 እና ሲአርኤስ2 ላይ ይኸው የብሪጅ አሠራር ትራፊኩን ወደ ሲፒዩ ስለሚወስደው ፍጥነቱ ይወድቃል።

ቲፒ-ሊንክ ኢዚ ስማርት

ባለ 8 ፖርቱ ቲኤል-ኤስጂ108ኢ ለትንሽ ሱቅ ወይም ለቤት ይበቃል። በብራውዘር ገብቶ ታግድና አንታግድ (ታግ የሌለው) ላይ መጫን ነው። ፒቪአይዲ (ታግ ሳይኖረው ወደ ፖርቱ የሚገባው ትራፊክ የሚመደብበት የቪላን ቁጥር) በሌላ ገጽ ላይ ስለሆነ ይረሳል፤ ሲረሳ ታግ የሌለው ትራፊክ ሁሉ ቪላን 1 ውስጥ ይወድቃል። በአንድ ጊዜ የሚይዘው 32 ቪላን ነው፤ ለሱቅ ከበቂ በላይ ነው። የማይመቸኝ ሌላ ነገር ነው። የቆዩት ስሪቶች ላይ የስዊቹ መግቢያ ገጽ ከየትኛውም ቪላን ይከፈታል፤ እንግዳው ዋይፋይ ላይ ያለውም ሰው ይደርስበታል። ሆቴል ወይም ክሊኒክ ውስጥ አላስገባውም።

ዩኒፋይ

ለማስተካከል ከሁሉም ይቀላል። ፖርቱን ሥዕሉ ላይ ትነካላችሁ፣ ኔቲቩን (ታግ የሌለው ትራፊክ የሚገባበትን ቪላን) ትመርጣላችሁ፣ አለቀ። አክሰስ ፖይንቶቹም ዩኒፋይ ከሆኑ፣ ለምሳሌ ፎቅ በፎቅ ዋይፋይ ባለው ሆቴል፣ ሌላ አትፈልጉ። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ። ሳይነካ የተተወ ፖርት ሁሉንም ቪላን ያሳልፋል፤ ስለዚህ ኮሪደር ላይ ያለውን ሶኬት ገድቡት። ሁለተኛው ኮንትሮለሩ (ስዊቹን የምታስተዳድሩበት ሶፍትዌር) ነው፤ ቢጠፋ ስዊቹ መሥራቱን አያቆምም፣ እናንተ ግን ምንም መቀየር አትችሉም። ኮንትሮለሩን የሚይዘው ዕቃ ወጪው ውስጥ ይታሰብ፤ ዩፒኤስም ላይ ይሰካ።

ያገለገለ ሲስኮ የመረጣችሁ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ኮንሶል ኬብል (ስዊቹን በቀጥታ ከላፕቶፕ የሚያገናኝ) እና ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ። የድሮው ባለቤት ፓስወርድ መነሣቱን እዩ፣ «ሾው ቨርዥን» ላይ የሞዴሉን ስም አንብቡ፣ ሁለት ፖርት ትራንክ አድርጉና «ሾው ኢንተርፌስስ ትራንክ» በሉ። ሻጩ ይህን አላስነካም ካለ ሌላ ሱቅ ግቡ።