«የቦሌ ሶርስ አለበት» ለሚላችሁ ሰው ብር እንዳትልኩ

7,500 ብር። ለፍላይት ሲሙሌተር፣ ለኮምፒውተሩ የአውሮፕላን ማብረሪያ ጌም፣ የተሠራውን የቦሌ ኤርፖርት «ሶርስ»፣ ማለትም ማስተካከልና መቀጠል የሚቻልበትን ጥሬ ፋይል፣ ለመግዛት ትናንት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ በቴሌብር ተላከ፤ አራት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ሻጩ ብሎክ አደረገኝ። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው፤ ከበረደልኝ «ይቅር፣ ምን አገባኝ» ብዬ የምተወው ዓይነት ነገር ነው።

ሻጩን ስሙን ባልጠራውም ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። የቴሌግራም ቻናል አለው። ፒን ያደረገው ፖስት ላይ «ዋጋ በኢንቦክስ» ይላል። «ደርሶኛል ብሮ፣ እናመሰግናለን» የሚሉ ስክሪንሾቶች ይደረድራል፣ ኮሜንቱን ግን ዘግቶታል። ኢንቦክስ ስትገቡ ዋጋው 12,000 ነው፤ ሁለት ደቂቃ ዝም ካላችሁ «ለአንተ ግን» ተብሎ 7,500 ይሆናል። «ቅናሹ እስከ ዛሬ ማታ ብቻ ነው» ይከተላል።

ዕቃው «ለማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር 2020 ሙሉ የዴቨሎፐር ፓኬጅ» ይባላል። ዝርዝሩ ውስጥ ስድስት ነገር አለ፦ ኤስዲኬ (ለሲሙሌተሩ ተጨማሪ ነገር መሥሪያ መሣሪያዎቹ) ከነላይሰንስ ኪዩ፣ አክቲቬት የተደረገ «ብሌንደር ፕሮ» (ብሌንደር የ3ዲ ሞዴል መሥሪያ ፕሮግራም ነው)፣ ሞዴሉን ከብሌንደር ወደ ሲሙሌተሩ የሚያወጣው ኤክስፖርተር፣ የፓኬጁን ፋይሎች ዝርዝር የያዘውን የሌይአውት ፋይል የምታድሰው ትንሿ ፕሮግራም፣ 50 የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላኖች፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የቦሌ ኤርፖርት ሙሉ ሶርስ።

የመጀመሪያዎቹ አራቱ በነፃ እንደሚገኙ አውቅ ነበር። እያወቅኩ ነው የከፈልኩት። ሰውዬው ወንዝ ዳር ቆሞ ውሃ ሲሸጥ እያየሁ፣ «እኔ ለእንስራው ነው የምከፍለው» ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እንስራው የቦሌ ሶርስ ነበር። ቀዳዳ ሆኖ ተገኘ።

ለማያውቅ ሰው ስለ አራቱ ቶሎ ልበልና ልለፍ። ኤስዲኬው ሲሙሌተሩ ውስጥ ነው ያለው። ጄኔራል ኦፕሽንስ ትገባላችሁ፣ ዴቨሎፐርስ የሚለው ገጽ ላይ ዴቨሎፐር ሞድን ታበራላችሁ፣ ከላይ የሜኑ መስመር ይመጣል፣ ሄልፕ ከሚለው ሥር ኢንስታለሩን ታወርዳላችሁ። አለቀ። ሻጩ በቴክስት ፋይል የላከው ባለ 25 ፊደል «ላይሰንስ ኪይ» የሚገባበት ቦታ የለም፤ ሲጫን ኪይ የሚባል ነገር አይጠይቅም። ቁልፉ አለ፣ በሩ የለም። ኤክስፖርተሩም ሌይአውት መሥሪያዋም ኮዳቸው ክፍት ነው፣ ጊትሃብ ላይ ተቀምጠዋል። ኤክስፖርተሩ የሚሠራበት የብሌንደር ስሪት እዚያው ገጽ ላይ ተጽፏል፤ ሻጩ የላከው ብሌንደርና የላከው ኤክስፖርተር እርስ በርሳቸው እንኳ አይግባቡም።

ብሌንደሩ ላይ ግን ትንሽ ልቁም፣ አደጋው ያለው እዚያ ነው። «ብሌንደር ፕሮ» የሚባል ነገር በዓለም ላይ የለም። ብሌንደር ለማንም ነፃ ነው፣ ሠርታችሁ ብትሸጡበትም ነፃ ነው። ፎልደሩ ውስጥ ግን «አክቲቬተር» የሚል 4 ሜጋባይት ፕሮግራም አለ፤ አጠገቡ ያለው ማስታወሻ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይላል። ነፃ ሶፍትዌር ላይ ምኑን ነው አክቲቬት የሚያደርገው? ቢያንስ እሱን አልነካሁትም፤ ከመላው ሌሊት የምኮራበት ብቸኛ ውሳኔ ነው።

አሁን ወደ ቦሌ።

ከመክፈሌ በፊት «መኖሩን አሳየኝ» ብዬዋለሁ። የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ላከ። ቦይንግ 787 ከምሥራቅ በኩል መጥቶ 25 ግራ የሚባለው ማኮብኮቢያ ላይ ያርፋል፣ መሬት ላይ እየተነዳ ይሄዳል፣ ተርሚናሉ ይታያል፣ የአውሮፕላን ማቆሚያው መብራት ሳይቀር አለ። «ባለፈው ወር ነው የጨረስኩት፣ በሁለት ጓደኞቼ እገዛ» አለኝ። አመንኩት። ቪዲዮው የሚያረጋግጠው የተጠናቀቀ ፓኬጅ፣ ተጨማሪዎች የሚጫኑበት ኮሚዩኒቲ ፎልደር ውስጥ ሲገባ እንደሚሠራ ብቻ ነው። ሶርስ መኖሩን በፍጹም አያሳይም። ዳቦው ተቆርሶ ሲበላ አይቼ ዱቄቱም ምጣዱም አለው ማለቴ ነው። ይባስ ብሎ ቪዲዮው ላይ የሚታየው ተርሚናል በጥር 2011 ዓ.ም. የተመረቀው ማስፋፊያ የሌለበት ነው። ባለፈው ወር ቦሌን የሠራ ሰው ያንን የሚያህል ሕንፃ እንዴት ይረሳል? ዓይኔ ሥር ነበር፣ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ «እኔ እጨምረዋለሁ፣ ሶርሱ ካለኝ የሁለት ሳምንት ሥራ ነው» እያልኩ ነበር የማየው።

ዚፑ 3.2 ጊጋባይት ነው። ሲፈታ ላይ ላዩን ትክክለኛ ፕሮጀክት ይመስላል፦ አንድ የኤክስኤምኤል ፋይል ከላይ፣ ሥሩ «ፓኬጅ ዴፊኒሽንስ» እና «ፓኬጅ ሶርስስ» የሚሉ ሁለት ፎልደሮች። የኤስዲኬ ፕሮጀክት ቅርጹ ይኼው ነው፣ ስለዚህ ደስ አለኝ። ዴቨሎፐር ሞድ፣ ፋይል፣ ኦፕን ፕሮጀክት። ተከፈተ። ፕሮጀክት ኤዲተሩ ላይ የፓኬጁ ስም ወጣ። ጥሬውን ፋይል ሲሙሌተሩ ወደሚያነበው ፓኬጅ የሚለውጠውን ቢልድ ኦል ጫንኩ።

ኮንሶሉ ቀይ በቀይ ሆነ። «የምትለውን ፎልደር አላገኘሁም፣ ያገኘሁትም ውስጥ ምንም የለም» ነው የሚለው፣ ከላይ እስከ ታች።

ፓኬጅ ሶርስስን በእጄ ከፈትኩ። መኖር የነበረበት የኤርፖርቱ ኤክስኤምኤል ነው፦ ራንዌዎቹ፣ ታክሲዌዎቹ፣ ፓርኪንጎቹ፣ የሕንፃዎቹ አቀማመጥ በኬክሮስና በኬንትሮስ። ከሱ ጋር የየሕንፃው የ3ዲ ሞዴል (ጂኤልቲኤፍና ቢን ፋይል)፣ ለየርቀቱ የተቀለሉት የሞዴሉ ቅጂዎች፣ ያልተጨመቁ የፒኤንጂ ቴክስቸሮች (ሞዴሉ ላይ የሚለበጡት ምስሎች)። ሐቀኛ ሻጭ ቢሆን የብሌንደር ፋይሎቹም ይኖሩ ነበር። የነበረው ሁለት የቢጂኤል ፋይልና በስማቸው መጨረሻ «.ፒኤንጂ.ዲዲኤስ» የሚል የተለጠፈባቸው 212 ቴክስቸሮች ነው። ይህ የቢልድ ውጤት ነው። አንድ ሰው ሠርቶ ጨርሶ ያወጣውን ፓኬጅ ወስዶ፣ «ፓኬጅ ሶርስስ» የሚል ፎልደር ውስጥ ከቶ፣ ከላይ ለማስመሰያ አንድ ኤክስኤምኤል ጽፎበታል። ቡናውን አፍልቶ ቀድቶ ሲያበቃ አተላውን «ጥሬ ቡና ነው» ብሎ መሸጥ ነው።

«ቢጂኤሉን መልሶ መፍታት ይቻላል እኮ» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሞዴል ኮንቨርተር ኤክስ አለ፣ እሱም ነፃ ነው፣ ሞዴሉን ያወጣላችኋል። የሚወጣው ግን በሦስት ማዕዘን የተከታተፈ ጥልፍልፍ ነው፤ ግድግዳና ጣሪያ የተለየበት ቅደም ተከተል፣ ሞዲፋየሮቹ፣ የዕቃዎቹ ስም፣ ሁሉም ጠፍቷል። ዲዲኤሱን ወደ ፒኤንጂ ብትመልሱትም ሲጨመቅ የጠፋው አይመለስም፣ አስተካክላችሁ እንደገና ስትጨምቁት ደግሞ የባሰ ይበላሻል። እንዲያ ባለ ነገር ላይ አዲስ ተርሚናል ከመቀጠል ከባዶ መሥራት ይቀላል። ከሁሉም በላይ የሰው ንብረት ነው።

የሰው ንብረት መሆኑን እንዴት አወቅኩ? ከፓኬጁ ጋር አብሮ በመጣው መታወቂያው፣ ማኒፌስት.ጄሶን ላይ «ክሪኤተር» በሚለው ቦታ የቻናሉ ስም ተጽፏል። ይህን ማንም በኖትፓድ ይቀይረዋል፣ ሲሙሌተሩም ምንም አይለውም። ሌይአውት.ጄሶን ግን ሌላ ነገር ነው። የፓኬጁን እያንዳንዱን ፋይል መንገድ፣ መጠንና ቀን ይዘረዝራል፤ እዚያ ያልተጻፈ ፋይል አይጫንም። ስለዚህ ሌባው የፋይሎቹን ስም ቢቀይር ፓኬጁ ይሞትበታል፣ ሌይአውቱን እንደገና ማሠራት አለበት። አልደከመም። የሸጠልኝን መሣሪያ ራሱ አይጠቀምባትም ማለት ነው። መንገዶቹ ሁሉ የዋናውን ሠሪ መለያ ቅጥያ እንደያዙ ናቸው፣ ከ200 ጊዜ በላይ ተደጋግሟል። ከማኒፌስቱ ላይ ስሙን ፍቆ፣ ሌይአውቱ ላይ ሲያስጮኸው ያድራል።

ቀኑንም እዩት፣ ይህቺ ጠቃሚ ናት። ሌይአውቱ ላይ «ዴት» ከሚለው ፊት ለፊት ያለው ባለ 18 አሃዝ ቁጥር የዊንዶውስ አቆጣጠር ነው፤ ከ1601 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ሰከንድን ለአሥር ሚሊዮን ከፍሎ ይቆጥራል። በ132 የሚጀምር ከሆነ ፋይሉ ከሰኔ 18 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ አልተነካም። በ133 ከጀመረ ከዚያ እስከ ነሐሴ አጋማሽ 2025 እ.ኤ.አ. ነው። የኔው «ባለፈው ወር የተጨረሰ» ቦሌ ሙሉ በሙሉ በ1326 ይጀምራል፦ በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት እስከ ሰኔ 2013 ዓ.ም. መካከል መሆኑ ነው።

ይህን ሁሉ በስክሪንሾት ልኬ «ሶርሱ የታለ?» አልኩት።

«ብሮ ሶርስ ማለት እኮ እሱ ነው።»

ሶርስ ምን እንደሆነ ጻፍኩለት። ስለ ኤክስኤምኤሉ፣ ስለ ቢጂኤሉ፣ አራት አንቀጽ። ጅል። ለሰረቀው ሰው የሰረቀውን ዕቃ አሠራር ማስረዳት ጀመርኩ።

«ሲስተምህ ይሆናል ችግሩ። ካልገባህ ኮርስ አለን፣ 3,000።»

«ዋናው ሠሪ ስሙ ሌይአውቱ ላይ አለ» አልኩት። ያኔ የአምስት ሰከንድ ቮይስ መጣ። ከጀርባው ሰዎች ይስቃሉ። «ይሄ ልጅ ዛሬ ሊያስተኛን አይደለም» ይላል፤ ለእኔም አልነበረም የተነገረው፣ አጠገቡ ላለው ሰው ነው። መልስ እየጻፍኩ ሳለ፣ ጣቴ ስክሪኑ ላይ እንዳለ፣ ከፊቴ ያለው ቻት ባዶ ሆነ። ከሁለታችንም በኩል አጠፋው። ቪዲዮው፣ ዋጋው፣ «ሙሉ ሶርስ ነው፣ ዋስትና አለው» ያለበት መልእክት፣ ቮይሱም ጭምር። ከዚያ የፕሮፋይል ፎቶው ጠፋና የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ያለበት ክብ ቀረ። እጄ ላይ ያለው የቴሌብር አጭር መልእክት ብቻ ነው፤ እሱም ለግለሰብ ስልክ እንደተላከ እንጂ ምን እንደተገዛ አይልም።

ስለ 50ዎቹ አውሮፕላኖች በአጭሩ፦ 38ቱ ቀለም ብቻ ናቸው። ቴክስቸርና «ቤዝ ኮንቴይነር» የሚል አንድ መስመር ያለበት ኤርክራፍት ኮንፊግ ነው፤ መስመሩ ወደ ሲሙሌተሩ የራሱ አውሮፕላን ይጠቁማል። የ787ዎቹ ሁሉ ወደ 787-10 ይጠቁማሉ። አየር መንገዳችን የሚያበረው -8 እና -9 መሆኑ ይቅር፤ በ2020ው ሲሙሌተር 787-10 የሚመጣው ከፕሪሚየም ዴሉክስ እትም ጋር ነው፣ ስታንዳርድ ያለው ሰው አውሮፕላኑን ዝርዝሩ ላይ እንኳ አያየውም። የቀሩት 12ቱ ከድሮው ሲሙሌተር፣ ከኤፍኤስኤክስ፣ የተጎተቱ ናቸው። ይነሳሉ፣ ይበርራሉ፣ ኮክፒታቸው ግን ጨለማ ነው፤ ጌጃቸው (የኮክፒቱ መለኪያዎች) በዲኤልኤል፣ በድሮው የፕሮግራም ፋይል ዓይነት፣ የተሠራ ስለሆነ አዲሱ ሲሙሌተር አይጭነውም፣ በዋዝም ወይም በኤችቲኤምኤል እንደገና መጻፍ አለበት።

ግድ የምትገዙ ከሆነ ቪዲዮ አትቀበሉ። ስክሪኑን እያጋራ፣ ፕሮጀክቱን ዴቨሎፐር ሞድ ውስጥ ከፍቶ፣ ቀድሞ የተሠራው ውጤት ያለበትን «ፓኬጅስ» ፎልደር አጥፍቶ፣ ከዜሮ ቢልድ ያድርግላችሁ። ሶርስ ያለው ሰው ይህን በደቂቃዎች ያደርገዋል። የሌይአውቱን የመጀመሪያ 20 መስመር አስልኩ፣ ቀኑንና ስሙን አንብቡ። ቻቱን ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ስክሪንሾት አንሱ፤ በኋላ የሚነሳ ነገር አይኖርም።

በሌላ አካውንት ገብቼ ቻናሉን አሁን አየሁት። ፒን የተደረገው ፖስት ተቀይሯል፦ «በብዙዎች ጥያቄ የቦሌ ሶርስ ተመልሷል»። ከሥሩ አዲስ የ«ደርሶኛል ብሮ» ስክሪንሾት ለጥፏል። የኔ ነው፤ ዚፑ ሲደርሰኝ የጻፍኩለት።