የቤት ማከማቻ ሰርቨር ልትሠሩ ነው? ከዲስኩ ጀምሩ

የቤት ማከማቻ ሰርቨር (የቤተሰቡን ፎቶና ፋይል በኔትወርክ የሚያስቀምጥ ኮምፒውተር) ልሥራ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ፕሮሰሰር ነው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። አሁን ሰው ሲያማክረኝ ግን ከሌላ ጫፍ ነው የምጀምረው። ስንት ቴራባይት ነው የምታስቀምጠው? ከዚያ ውስጥ ቢጠፋብህ የማይተካው የቱ ነው? የዚህ መልስ ዲስኩን ይወስናል። ሌላው ዕቃ ዲስኩን ተከትሎ ይመጣል።

ሲኤምአር ወይስ ኤስኤምአር?

ዲስክ ስትገዙ ከመጠኑም በፊት ይህንን እዩ። ሲኤምአር የሚባለው ዲስክ መረጃውን የሚጽፍባቸው መስመሮች ጎን ለጎን ናቸው፤ አይነካኩም። ኤስኤምአር ግን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የአንዱን ጠርዝ በሌላው ላይ ደርቦ ይጽፋል። በዚያው ስፋት ብዙ ይይዛል። ጣጣው የሚመጣው የተጻፈውን መቀየር ሲያስፈልግ ነው፤ አንዱን መስመር ለመንካት አጠገቡ የተደረቡትንም እንደገና መጻፍ አለበት።

አንዴ ጽፎ ለሚያስቀምጥና ለሚያነብ ሰው ይህ ብዙም አይታወቀውም። ዲስኮች በሬይድ (ብዙ ዲስኮችን አንድ ላይ አሠርቶ አንዱ ቢሞት መረጃው እንዳይጠፋ በሚያደርግ ዘዴ) ተጣምረው አንዱ ሲሞትና አዲሱን መሙላት ሲመጣ ግን ጉድ ይፈላል። እኔ ላይ ደርሷል። ከአራት ዲስኮቼ አንዱ ሲበላሽ በቅናሽ ያገኘሁትን ኤስኤምአር ተካሁ። ሲጀምር ደህና ሄደ። ከዚያ ፍጥነቱ እየወረደ እየወረደ መጎተት ጀመረ፤ ቀናት ፈጀ። በእነዚያ ቀናት ሌላ አንድ ዲስክ ቢሞት የልጆቼ ፎቶ ሁሉ ይሄድ ነበር።

በስም ብቻ አትመኑ። በ2020 ዌስተርን ዲጂታል ለማከማቻ ሰርቨር በሚሸጠው «ሬድ» ውስጥ ከ2 እስከ 6 ቴራባይት ያሉ ሞዴሎች ሳይገለጽ ኤስኤምአር ሆነው መገኘታቸው ብዙ ገዢ አስቆጥቷል። ኋላ ኩባንያው ሲኤምአር የሆኑትን «ሬድ ፕላስ» ብሎ ለየ። ስለዚህ ሬድ ከሆነ ፕላስ ወይም ፕሮ ይሁን። የሲጌት «አይረንዎልፍ» ሲኤምአር ነው፤ «ባራኩዳ» ግን ለዴስክቶፕ የተሠራ ሲሆን ብዙ ሞዴሎቹ ኤስኤምአር ናቸው። ሳትገዙ የሞዴሉን ቁጥር በአምራቹ ሰንጠረዥ ላይ አመሳክሩ።

ሁለት ትልቅ ወይስ አራት ትንሽ?

12 ቴራባይት ፈለጋችሁ እንበል። ሁለት ባለ 12 ገዝቶ በሬይድ 1 ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ነገር መጻፍ ይቻላል። አራት ባለ 4 ገዝቶ በሬይድ 5 ማጣመርም ያው 12 ይሰጣል፤ የአንዱ ዲስክ ያህል ቦታ የሞተውን ለመመለስ ይያዛል። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። አንዱ ሲሞት ሥራው ከደህናው መገልበጥ ብቻ ነው፤ በሬይድ 5 ግን የቀሩት ሦስቱም ከዳር እስከ ዳር መነበብ አለባቸው። ደግሞ አንድ ዲስክ ሥራ ፈትቶ ሲሽከረከር እንኳ ወደ 5 ዋት ይበላል። ሁለት ዲስክ መቀነስ በዓመት ወደ 88 ኪሎዋት ሰዓት ማትረፍ ነው። ድምፁም ሙቀቱም ይቀንሳል።

ማሽኑስ?

የተዘጋጀ ሳጥን፣ እንደ ሲኖሎጂ ያለው፣ መነካካት ለማይፈልግ ሰው ጥሩ ነው፤ ሰክቶ መጠቀም ነው። ግን የአምራቹ ውሳኔ እናንተንም ይነካል። ሲኖሎጂ በ2025 አዲሶቹ ፕላስ ሞዴሎቹ እሱ የፈቀዳቸውን ዲስኮች ብቻ እንዲቀበሉ አድርጎ ነበር፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ መልሶ አላላው።

ራሳችሁ ከገጣጠማችሁ ኢንቴል ኤን100 ያለበት ማዘርቦርድ ለቤት በቂ ነው። 4 ኮር አለው፣ 6 ዋት ነው፣ ቪዲዮን ከአንድ ፎርማት ወደ ሌላ መቀየርም ይችላል። ድክመቱ የፒሲአይ መስመሩ፣ ማለትም ሌሎች ዕቃዎች ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚገናኙበት፣ 9 ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ ስድስት የሳታ ወደብ (ዲስክ የሚሰካበት) ያለው ቦርድ ስታዩ በምን ቺፕ እንደመጣ ጠይቁ። ኤኤስኤም1166 ወይም ጄኤምቢ585 ከሆነ ይሁን። አንዱን ወደብ ለብዙ ዲስክ የሚያካፍል ከሆነ ተዉት።

ቤት የተቀመጠ አሮጌ ዴስክቶፕም ያገለግላል። የሳታ ወደብ አያጣም፤ መብራት ግን የበለጠ ይበላል። ፓወር ሰፕላዩን ቀይሩለት። ከሞሌክስ (ከአሮጌው የፓወር ሰፕላይ መሰኪያ) ወደ ሳታ የሚቀይረውን፣ ጫፉ በፕላስቲክ ተደፍኖ የተሠራ ገመድ ደግሞ አደራ አትጠቀሙ፤ ውስጡ ተነካክቶ የሚቀልጥና የሚቃጠል አለ። ትንሿ ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒውተር ራዝቤሪ ፓይ 5 ለመማሪያ ደስ ይላል፤ በዩኤስቢ የተንጠለጠለ ዲስክ ላይ ግን የቤተሰብ ፎቶ አላምንም።

ራም 16 ጊጋባይት ይበቃል። ለእያንዳንዱ ቴራባይት 1 ጊጋባይት የሚባለው ሕግ ለቤት አይሠራም።

ኔትወርኩ ላይ 1 ጊጋቢት በሰከንድ ወደ 110 ሜጋባይት ያሳልፋል፤ አንድ ዘመናዊ ሃርድ ዲስክ ብቻውን ከዚያ ይበልጣል። 2.5 ጊጋቢት ወደ 280 ያደርሰዋል፤ ካት5ኢ የሚባለው የተለመደ የኔትወርክ ገመድም ይበቃዋል። ስዊቹና ኮምፒውተሩ ግን እሱን የሚችሉ መሆን አለባቸው። በሁለት ሃርድ ዲስክ 10 ጊጋቢት መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

ገንዘብ ካጠረ ከፕሮሰሰሩና ከኔትወርኩ ቀንሱ። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) ግን አይቅር፤ በዩኤስቢ ከሰርቨሩ ጋር አያይዙት፣ መብራት ሲጠፋ ራሱ በሥርዓት እንዲያጠፋው። ሁለት ዲስክ ብቻ መግዛት ከቻላችሁ ደግሞ ሁለቱንም ሰርቨሩ ውስጥ አትክተቱ። በስህተት የተሰረዘ ፋይል በሬይድ 1 ከሁለቱም እኩል ነው የሚጠፋው። አንዱን ሰርቨሩ ውስጥ አድርጉት፤ ሌላው ላይ በየሳምንቱ ገልብጣችሁ ነቅላችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡት። ሬይዱ ሦስተኛውን ዲስክ ስትገዙ ይደርሳል።