ለክረምት ጀልባ ማሳደሪያ፣ አሞራ ገደል አጠገብ

ትንሿን ባለሸራ ጀልባዬን ከሰኔ እስከ ጥቅምት ያሳደርኩበት ግቢ በወር 1500 ብር ያስከፍላል። ለሐዋሳ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ለጥበቃው ግን አይቆጨኝም።

ጀልባዋን ምሰሶዋን አውርደው፣ ገልብጠው፣ አሮጌ ጎማ ላይ ነው ያስተኟት። ቀና ብላ ብትቀመጥ ዝናቡን ስታጠራቅም ትከርምና ክብደቱ ፋይበርግላሱን ያጎብጠው ነበር። ዘበኛው አባባ ደግሞ በአራቱም ማዕዘን ካስማ ቀብረው በገመድ ወጠሯት። «ምነው ይህን ያህል?» ስላቸው «ልጄ፣ የከሰዓቱን ነፋስ ናቅሽው እንዴ?» አሉኝ። ካሪቢያን አካባቢ ያሉ ባለጀልባዎችም ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ባለው የሀሪኬን ወቅት የሚያደርጉት ከዚህ ብዙ አይርቅም። እኛ ጋ ሀሪኬን የለም እንጂ!

ሸራው ላይ ግን አዘንኩ። አጣጥፈው ከዓሣ መረብ ጋር እርጥብ መጋዘን ውስጥ ከተው ሻገተ። በሎሚና በሳሙና አሸሁት፤ ጥቁር ነጠብጣቡ አሁንም አለ፣ ሽታውንማ ተዉት። ባለቤቱን ብጠይቀው «ክረምት አይደል እህቴ፣ ምን ይደረግ» ብሎ አለፈኝ። ሸራችሁን አድርቃችሁ ቤታችሁ ውሰዱት።

ቦታ ስትመርጡ ከላይ በኩል፣ ከአጥሩ ጥግ ጠይቁ። ሐይቁ በገጸ ምድር መውጫ ወንዝ ስለሌለው ዝናቡ ካባራ በኋላም ይሞላል፤ በጥቅምት ከታች የነበሩት ጀልባዎች ሥር ጭቃው ረግረግ ሆኖ ነበር።

በቴሌብር ይቀበላሉ። ደረሰኝ ካልጠየቃችሁ አይሰጧችሁም።